የፈረመ እጅ፣ የተዘጋ አፍ፦ ምስጢራዊ ዘመቻቸውን በመጽሐፍ ያወጡ ወታደሮች ምን ደረሰባቸው?

አንድ ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የሠራውን፣ ሕይወቱን አስይዞ ያለፈበትን ታሪክ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል? ውሸት አልጨመረ፣ የሰው ታሪክ አልሰረቀ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ልዩ ጦር ውስጥ አገልግለው የተሰናበቱ ሰዎች ግን መልሱን በፍርድ ቤት ሲያገኙት እንደዚያ ቀላል አልነበረም። አንዳንዶቹ ከመጽሐፋቸው ያገኙትን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መልሰዋል። የአንዱ መጽሐፍ ከመጋዘን ተገዝቶ ተወግዷል። ሰነድ አሳልፎ የሰጠ ደግሞ እስር ቤት ገብቷል።

ታሪካቸውን ዛሬ የምናቀርብላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ ራሱ የሚነበብ ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹን የጣላቸው መሣሪያ ወይም ጠላት አይደለም፤ ሥራ ሲጀምሩ ወይም ሥራ ላይ ሳሉ የፈረሙት ወረቀት ነው። ኮንትራት ፈርማችሁ ባሕር ለተሻገራችሁ ለእናንተ ደግሞ የፊርማ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአቦታባድ ሌሊት

ሜይ 2 ቀን 2011 ሌሊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች፣ «ኔቪ ሲል» የሚባሉት፣ በሄሊኮፕተር ከአፍጋኒስታን ተነሥተው ፓኪስታን ውስጥ አቦታባድ ከተማ ገቡ። ከእነሱ ጋር አንድ አስተርጓሚና ካይሮ የሚባል ውሻ ነበሩ። አንደኛው ሄሊኮፕተር ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ ሰዎቹ ግን ተርፈው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኦሳማ ቢን ላደን የተገደለው በዚያ ሌሊት ነው።

ከእነዚያ ኮማንዶዎች አንዱ ማት ቢሶኔት ይባላል። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ፣ ዘመቻው ከተፈጸመ 16 ወር ሲሆነው፣ «ኖ ኢዚ ዴይ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ስሙን ደብቆ «ማርክ ኦዌን» በሚል የብዕር ስም ነበር የጻፈው። የብዕር ስሙ ግን አላዳነውም፤ መጽሐፉ ገበያ ላይ ሳይውል እውነተኛ ስሙ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ወጣ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2012 መጽሐፉ ለሽያጭ ሲቀርብ ሕዝቡ ተሻማበት፤ በሽያጭ አንደኛ ሆነ። አንባቢው የፈለገው ባለሥልጣናት በመግለጫ ያልነገሩትን፣ በደረጃው ላይ የወጣው ሰው ያየውን ነበር። ቢሶኔትም የሌሊቱን ነገር ሲተርክ፣ ቢን ላደን እንዴት እንደ ተመታ መንግሥት መጀመሪያ ከሰጠው መግለጫ የተለየ ነገር ጻፈ።

መጽሐፉ ከመውጣቱ ጥቂት ቀን በፊት ግን ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ከፔንታጎን፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤውን የጻፉት የሚኒስቴሩ ዋና የሕግ አማካሪ ጄ ጆንሰን ናቸው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፦ በ2007 ምስጢር የመጠበቅ ስምምነት ፈርመሃል፤ ስምምነቱን ጥሰሃል።

ልብ በሉ፤ ስምምነቱ «ምንም አትጻፍ» አይልም። «ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለእኛ አሳየን፤ ሳንፈቅድልህ አታውጣ» ነው የሚለው። ፔንታጎን ይህን ብቻ የሚሠራ ቢሮ አለው። የቀድሞ ወታደር መጽሐፍ ሲጽፍ ረቂቁን ለዚያ ቢሮ ይልካል፤ መርማሪዎቹ ያነባሉ፤ ምስጢር ነው ያሉትን መስመር ያስወጡና የቀረውን ይፈቅዳሉ። ቢሶኔት ይህን አላደረገም። በኋላ እንደ ተናገረው፣ ረቂቁን መላክ አያስፈልግህም ያለው ጠበቃው ነው። በ2014 ያንኑ ጠበቃ ከሰሰው።

መንግሥትን ግን የጠበቃው ምክር አላሳመነም፤ የፈረመው ጠበቃው አይደለምና። የወንጀል ምርመራም ተከፍቶበት ነበር፤ ነገር ግን የወንጀል ክስ አልተመሠረተበትም። ጉዳዩ በገንዘብ አለቀ። ኦገስት 2016 ላይ ከመንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት ከመጽሐፉ ያገኘውን ሁሉ፣ ከ6.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ለመመለስ ተስማማ። ረቂቁን ማሳየት ይገባው እንደ ነበር አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። መጽሐፉ ሲወጣ ከገቢው አብዛኛውን ለወደቁ ጓዶቹ ቤተሰቦች እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር፤ የኮማንዶዎቹን ቤተሰቦች የሚረዳው ድርጅት ግን ከዚያ መጽሐፍ የሚመጣ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

በነገራችን ላይ፣ ይኸው ሰው በ2014 ሁለተኛ መጽሐፍ አወጣ። ያን ጊዜ ግን ረቂቁን አስቀድሞ ለፔንታጎን ላከ። በዚያው ዘመቻ ነበርኩ፣ ቢን ላደንን የተኮስኩት እኔ ነኝ የሚለው ሌላው ኮማንዶ ሮበርት ኦኒልም በ2017 ያሳተመውን መጽሐፍ አስመርምሮ ነው ያወጣው። ኦኒል ስለዚያው ሌሊት ጽፎ ገንዘቡን ይዞ ቀረ፤ ቢሶኔት ስለዚያው ሌሊት ጽፎ ሁሉንም መለሰ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ረቂቅ የተላከበት ፖስታ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው? «አደራ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት

አሜሪካ ጸሐፊውን ሳያስር ገንዘቡን ብቻ የሚወስድበት መንገድ የመጣው ከአንድ የቆየ መዝገብ ነው። ፍራንክ ስኔፕ ወታደር አልነበረም፤ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሲአይኤ መኮንን ሆኖ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሳይጎን ውስጥ ሠርቷል። በኤፕሪል 1975 ሳይጎን ስትወድቅ አሜሪካውያን በሄሊኮፕተር ሲወጡ እዚያው ነበር። በ1977 «ዲሰንት ኢንተርቫል» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ያንገበገበው ነገር አንድ ነበር፦ ለአሜሪካኖች ሲሠሩ የነበሩ ቬትናማውያን በጥድፊያው ለጠላት ተትተው ቀርተዋል የሚል።

መንግሥት ከሰሰው። የሚገርመው፣ መንግሥት በዚያ ክስ «መጽሐፉ ምስጢር አውጥቷል» አላለም። ክሱ «ስትቀጠር በ1968 ፈርመሃል፤ ሳታሳየን አሳትመሃል» የሚል ብቻ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፌብሯሪ 19 ቀን 1980፣ የቃል ክርክር እንኳ ሳይሰማ፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ። ስኔፕ ከመጽሐፉ ያገኘው ገንዘብ በሙሉ የመንግሥት ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሥራ የሚጽፈውንም ሁሉ አስቀድሞ ማሳየት ግዴታው ሆነ።

ፍርዱ የቆመበትን ሐሳብ በአማርኛ ለመግለጽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቃሉ «አደራ» ነው። ፍርድ ቤቱ ያለው እንዲህ ነው፦ ይህ ሰው የተሰጠውን እምነት ተጠቅሞ ገንዘብ አገኘ፤ ስለዚህ ገንዘቡ በእጁ ያለው እንደ ባለአደራ እንጂ እንደ ባለቤት አይደለም፤ ለባለቤቱ ይመልስ። ዐረብኛው «አማና» የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተቀመጠብህ ዕቃም አማና ነው፣ የተነገረህ ምስጢርም አማና ነው። የእኛ አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚሉት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲነገር እንዲህ መልክ ያዘ።

ሦስቱ ዳኞች ግን አልተስማሙም። ምስጢር ላላወጣ ሰው ገንዘቡን ሁሉ መውሰድ በሕግ ያልተጻፈ ቅጣት ነው ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። በ2019 አምስት የቀድሞ የመንግሥትና የሠራዊት ሠራተኞች ይህ የረቂቅ ምርመራ ሥርዓት መጠኑን አልፏል፣ መልስ ያዘገያል፣ የመናገር ነፃነትን ያፍናል ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ሳይሰማ ተወው። የስኔፕ ፍርድ እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው።

ፈቃድ አግኝቶም የተወገደ መጽሐፍ

«እንግዲያው ካሳዩት ሰላም ነው» እንዳትሉ፣ የሌተና ኮሎኔል አንቶኒ ሻፈርን ጉዳይ እንይ። ሻፈር በአፍጋኒስታን ያገለገለ የተጠባባቂ ጦር መኮንን ነው። «ኦፕሬሽን ዳርክ ሃርት» የሚለውን መጽሐፉን እንደ ደንቡ ለጦሩ አሳየ። የጦሩ መርማሪዎች አንብበው ፈቀዱለት። አሳታሚው 10,000 ያህል ቅጂ አተመ።

መጽሐፉ ሊሰራጭ ሲል ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የመከላከያ ስለላ ድርጅቱ፣ «እኛስ አላየነውም» ብሎ ተነሣ። ውስጡ ምስጢር አለ ተባለ። ፔንታጎን ያገኘው መፍትሔ ያልተለመደ ነበር፦ 9,500 ያህሉን ቅጂ ራሱ በ47,000 ዶላር ገደማ ገዛና በሴፕቴምበር 2010 አስወገደው። ሁለተኛው እትም ወጣ፤ ብዙ መስመሮቹ ግን በጥቁር ቀለም ተሸፍነው ነበር።

ነገር ግን ከመጀመሪያው እትም ጥቂት ቅጂዎች አምልጠው ስለ ነበር ጋዜጠኞች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ከተሸፈኑት መስመሮች አንዱ በ1949 የተሠራ አንድ የጦርነት ፊልም ላይ ጆን ዌይን የተጫወተውን ገጸ ባሕርይ የሚያነሣ ነበር፤ ሻፈር የሐሰት ስሙን የወሰደው ከዚያ ፊልም ነበርና። ሌላው የአሜሪካ የመረጃ ጠለፋ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የት እንደሚገኝ የሚናገር መስመር ነው፤ ይህን ደግሞ በአካባቢው የሚያልፍ ሁሉ ያውቀዋል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ መሸፋፈኑ ሰው ይበልጥ እንዲፈልገው አደረገ። ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2013 ፔንታጎን ከተሸፈነው ከፊሉን መልሶ ፈቀደ።

ከኢራቅ በረሃ እስከ ኒውዚላንድ፦ «ወይ ፈርም፣ ወይ ውጣ»

አሁን ወደዚህ ወደ እኛ አካባቢ የሚቀርበውን ታሪክ እናንሣ። በጃንዋሪ 1991፣ በመጀመሪያው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት፣ የእንግሊዝ ልዩ ጦር ኤስኤኤስ ስምንት ወታደሮችን በሌሊት ኢራቅ በረሃ ውስጥ አወረደ። የጥበቃ ቡድኑ መጠሪያ «ብራቮ ቱ ዜሮ» ነበር። ነገሩ ተበላሸ፤ ብርዱ ከጠበቁት በላይ ሆነ፣ ተጋለጡ፣ ተበታተኑ። ሦስቱ ሞቱ፣ አራቱ ተማረኩ፣ አንዱ ብቻ በእግሩ ሶርያ ገባ።

ስለዚያ ዘመቻ መጀመሪያ በመጽሐፍ ያወሩት ተራ ወታደሮች አይደሉም፤ በጦርነቱ የእንግሊዝን ጦር የመሩት ጄኔራል ሰር ፒተር ደ ላ ቢሊዬር ናቸው፣ በ1992። ቀጥሎ የቡድኑ መሪ «አንዲ ማክናብ» በሚል የብዕር ስም በ1993 ጻፈ። ያመለጠው ደግሞ «ክሪስ ራያን» በሚል ስም በ1995 ጻፈ። ሁለቱም በፊልም ተሠሩ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያፈርስ፣ የሞቱት ጓዶች ስም ሲነሣና ሲወድቅ፣ በክፍለ ጦሩ ውስጥ ቅሬታ በዛ።

ስለዚህ በኦክቶበር 1996 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለልዩ ጦሩ አባላት ሁሉ አዲስ ወረቀት አቀረበ፦ በሕይወትህ ሙሉ ስለዚህ ሥራ ያለ ፈቃድ አትጽፍም፣ አትናገርም። ያልፈረመ ወደ መጣበት ክፍል ይመለሳል። ይህ ደግሞ በዚያ ቤት እንደ ውርደት የሚቆጠር ነው፤ ጥፋት ያጠፋ ነው የሚመለሰው። ደመወዝም ይቀንሳል።

ከፈረሙት አንዱ የዚያ የ1991 ቡድን አባል የነበረ ኒውዚላንዳዊ ነው። ፍርድ ቤቱ ማንነቱን ለመጠበቅ «አር» በሚል ፊደል ብቻ ነው የጠራው። ጠበቃ ሳያማክር ፈረመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱን ለቅቆ አገሩ ገባ። እዚያ ሆኖ ሌሎቹ መጽሐፎች ዘመቻውን አጣምመው ጽፈዋል፣ የጓዶቼን ስም ያለ አግባብ አንሥተዋል ብሎ የራሱን ሊያሳትም ከአሳታሚ ጋር ተዋዋለ። የእንግሊዝ መንግሥት ተከትሎት ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ ከሰሰው።

የአር መልስ ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ ነው፦ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት፤ ምርጫ አልነበረኝም፤ የሚያማክረኝም አልነበረም።» የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀበለው። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ገለበጠው። ጉዳዩ ለንደን ወዳለው ፕሪቪ ካውንስል ደረሰ፤ የኒውዚላንድ የመጨረሻው ይግባኝ በዚያን ጊዜ የሚታየው እዚያ ነበር። በማርች 2003 አራት ዳኞች በአንድ ወገን፣ አንድ ዳኛ በሌላ ወገን ሆነው ፈረዱ። አራቱ ያሉት ይህን ነው፦ ጫና ነበረ፤ ነገር ግን ሠራዊቱ እንዲህ ያለ ውል ለመጠየቅ መብት አለው፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል አንብቦ የሚረዳ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ፊርማው ይጸናል። አንዱ ዳኛ ሎርድ ስኮት ግን በአለቃና በወታደር መካከል ያለውን ኃይል አይተው፣ ያለ አማካሪ የተወሰደ ፊርማ ሊያስር አይገባም አሉ።

ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ሆነ። መጽሐፉ እንዳይታተም አልተከለከለም፤ በ2004 «ሶልጀር ፋይቭ» በሚል ርዕስ ወጣ። ትርፉ ግን ለእንግሊዝ መንግሥት ነው። አር ታሪኩን አገኘ፤ ገንዘቡን አጣ።

እስር የሚመጣው መቼ ነው?

እስካሁን ያየናቸው ሰዎች ሁሉ እስር ቤት አልገቡም። መስመሩ የሚለወጠው የራስን ታሪክ ከመተረክ አልፎ የመንግሥትን ሰነድ ለሌላ አሳልፎ ሲሰጥ ነው።

ዴቪድ ማክብራይድ የአውስትራሊያ ጦር የሕግ መኮንን ነበር፤ አፍጋኒስታን ውስጥ አገልግሏል። ምስጢራዊ የጦር ሰነዶችን ለጋዜጠኞች ሰጠ። የአገሪቱ ብሔራዊ ማሰራጫ በ2017 ከእነዚያ ሰነዶች ተነሥቶ የአውስትራሊያ ልዩ ጦር በአፍጋኒስታን ሰላማዊ ሰዎችን ገድሏል የሚል ዘገባ አወጣ። በኋላ በ2020 የወጣ የመንግሥት ምርመራ 39 አፍጋናውያን በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውን የሚያመለክት ተአማኒ መረጃ አለ አለ። ማክብራይድ ግን በሜይ 2024 የአምስት ዓመት ከስምንት ወር እስራት ተፈረደበት። ለሕዝብ ጥቅም ነው ያደረግሁት የሚለውን መከላከያ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም።

በመካከል ያለ ቅጣትም አለ። በ2012 ሰባት በሥራ ላይ ያሉ የአሜሪካ ኮማንዶዎች ለአንድ የጦርነት ቪዲዮ ጌም ሠሪ ኩባንያ በክፍያ ምክር ሰጥተዋል፣ ይህንንም ሲያደርጉ ምስጢር ገልጠዋል ተብሎ የወቀሳ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ የሁለት ወር ደመወዛቸውም በግማሽ ተቆረጠ። ወታደር በሥራ ላይ ካለ ደመወዙና ማዕረጉ ይነካል፤ ከተሰናበተ የመጽሐፉ ገንዘብ ይወሰዳል፤ ሰነድ ከሰጠ ነፃነቱን ያጣል።

ታላቁ ሲናገርና ታናሹ ሲናገር

የዚህ ሁሉ መራራው ክፍል ሚዛኑ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ ጦር ጄኔራልና የሲአይኤ ዳይሬክተር የነበሩት ዴቪድ ፔትሬየስ ምስጢር የተጻፈባቸውን የማስታወሻ ደብተሮቻቸውን የሕይወት ታሪካቸውን ለሚጽፍ ሰው ሰጡ። በ2015 ጥፋታቸውን አምነው በቀላል ወንጀል ተፈረደባቸው፦ የሁለት ዓመት ገደብና 100,000 ዶላር መቀጮ። አንድም ቀን አልታሰሩም።

ከእሳቸው በፊት ሲአይኤን የመሩት ሌዎን ፓኔታ ደግሞ በጁን 2011 ስለ አቦታባዱ ዘመቻ በተዘጋጀ የምስጋና ሥነ ሥርዓት ላይ የዘመቻውን አዛዥ ስም ጠሩ። በአዳራሹ ስለዚያ ዘመቻ ፊልም የሚጽፍ ሰው ተቀምጦ ነበር። አልተከሰሱም። ቢሶኔት የሚሊዮኖች ዶላር ዕዳ የተሸከመው በዚያው ዘመቻ ምክንያት ነው። የእንግሊዙንም ጄኔራል አስታውሱ፤ በሩን መጀመሪያ የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ «ፈርሙ» የተባሉት ግን በታች ያሉት ናቸው።

ይህ ሲባል ግን የምስጢሩ ነገር ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። መጽሐፍ ውስጥ የገባ አንድ መስመር ሰው ሊያስገድል ይችላል። በየት በኩል እንደሚገቡ፣ ምን መሣሪያ እንደሚይዙ፣ መረጃውን ማን እንደ ሰጣቸው ሲጻፍ፣ ያ ጸሐፊ አገሩ ገብቶ ተኝቷል፤ የሚቀጥለው ወታደር ግን በዚያው በር ሊገባ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው የአገሩ ተወላጅ ነው። ከውጭ ጦር ጋር የሚሠራ አስተርጓሚ ሥራው ሲያበቃ የሚመለሰው ወደዚያው መንደር፣ ወደዚያው ጎረቤት ነው። የስኔፕ ቁጣም በዚህ ላይ ነበር። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ ሰው ያድናል፤ ምስጢር መጠበቅ በደልንም ይሸፍናል። ሕጉ እስከ ዛሬ የተቸገረው ሁለቱን መለየት ላይ ነው።

ለእናንተስ?

እናንተ መሣሪያ አልያዛችሁም፤ ስለ ጦርነትም አልፈረማችሁም። ነገር ግን የሰው ቤት ውስጥ ትኖራላችሁ፤ የሰውን ጓዳ ታውቃላችሁ። በዐረብኛው የሥራ ውልና ሕግ ውስጥም ስለ «ኢፍሻእ አል-አስራር»፣ ማለትም ምስጢር ስለ ማውጣት፣ የሚናገር አንቀጽ አለ። ብዙውን ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ደመወዝና ዕረፍት ሲነበብ ይታለፋል።

ለምሳሌ በ2013 የወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ደንብ፣ ሠራተኛዋ በሥራዋ ምክንያት ያወቀችውን የአሠሪዋን፣ የቤተሰቡንና በቤቱ ያሉ ሰዎችን ምስጢር እንድትጠብቅ፣ ለሌላ እንዳታወጣ ያዝዝ ነበር። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ በ2021 የወጣው የኢንተርኔት ወንጀሎች ሕግ፣ ቁጥር 34፣ አንቀጽ 44፣ የሰውን የግል ሕይወት በፎቶ፣ በድምፅ ወይም በጽሑፍ ያወጣ ሰው ከስድስት ወር በማያንስ እስራት፣ ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይጨምራል፦ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የወጣ ከሆነ፣ ነገሩ እውነት መሆኑ አያድንም። እንደ ስኔፕ መዝገብ ሁሉ፣ ጥያቄው «እውነት ነው ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ማውጣት ትችላለህ ወይ?» ነው።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ስትቀርጹ ከኋላችሁ የሚታየውን እዩ። የማዳም ልጅ፣ የቤቱ ሳሎን፣ የታመመው አዛውንት ክፍል፣ በሩ ላይ ያለው የቤት ቁጥር፣ ሁሉም ለእናንተ የዕለት ኑሮ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን የሌላ ሰው ጓዳ ነው። ለወንድምና ለእህት በስልክ ኑሮን ማውራት ሌላ ነው፤ ሺህ ሰው በሚያየው መንገድ ማውጣት ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። በደል ምስጢር አይደለም። ደመወዝ ሲከለከል፣ ድብደባ ሲኖር፣ ፓስፖርት ሲያዝ፣ ክብር ሲደፈር፣ ለፖሊስ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለኤምባሲ ወይም ለቆንስላ መናገር አደራ መብላት አይደለም። ልዩነቱ በቦታው ነው፤ አቤቱታ የሚቀርበው ሥልጣን ላለው አካል ነው። ያንኑ በደል ከነፎቶው ኢንተርኔት ላይ የለቀቀች ሴት፣ ከሳሽ ሆና ልትቆም ስትችል ተከሳሽ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ማስረጃችሁን ያዙ፤ ለሚመለከተው ስጡ።

ከአር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር ውሰዱ። ከአምስት ዳኞች አንዱ ብቻ ነበር «ያለ አማካሪ የተፈረመ ነው» ብሎ የቆመለት። አራቱ ፊርማውን አጸኑት። ስለዚህ ውል ሲቀርብላችሁ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ «ምን ይላል?» በሉ፤ የሚያነብላችሁ ሰው ይኑር፤ ምስጢርን የሚመለከተውን መስመር ለብቻው ጠይቁ፤ ቅጂውን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። «ሌላው ነገረኝ» ማለትም እንዳያጽናናችሁ፤ ቢሶኔት ጠበቃው ነግሮት ነበር።

ቢሶኔት የመጨረሻዋን ዶላር እንዲመልስ ያደረገው ያ የ2007 ወረቀት፣ በፈረመበት ቀን ምናልባት ከሌሎች ብዙ ወረቀቶች ጋር አብሮ የቀረበለት አንድ ገጽ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ አላለቀም። የእናንተም ኮንትራት ሁለት ዓመት ይል ይሆናል፤ የቤቱን ምስጢር የመጠበቅ አደራ ግን ሻንጣችሁን ይዛችሁ በወጣችሁ ማግስት አይቀርም። ከመፈረማችሁ በፊት አስነብቡት።